ከተማ የሚባለው የቱ ነው? ከድንኳን እስከ ሳተላይት

በኅዳር 2018 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለምን ከተሞች የሕዝብ ብዛት የሚገልጽ አዲስ ሪፖርት አወጣ። ለዓመታት 37 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ የዓለም ትልቋ ከተማ ስትባል የኖረችው ቶኪዮ 33 ሚሊዮን ገደማ ተቆጥሮላት ወደ ሦስተኛ ደረጃ ወረደች። አንደኛነቱን 42 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የተመዘገበላት የኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ ወሰደች፤ የባንግላዴሿ ዳካ በ37 ሚሊዮን ገደማ ተከተለቻት። ዜናውን ያነበበ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባካሄደችው ቆጠራ የጃካርታ ነዋሪ 10.5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ሚሊዮን ሰው ከየት መጣ?

ከየትም አልመጣም። አብዛኞቹ ድሮም እዚያው ነበሩ፤ የጃካርታ አስተዳደር ከሚያበቃበት መስመር ማዶ፣ ቤታቸው ከቤት ተያይዞ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ጃካርታ እየገቡ ማታ እየተመለሱ ይኖሩ ነበር። የተለወጠው መለኪያው ነው። ቀድሞ ቆጣሪዎቹ በአብዛኛው እያንዳንዱ አገር "ይህ ከተማዬ ነው" ብሎ የሰጣቸውን ድንበር ይቀበሉ ነበር። አሁን ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት መለኪያ ዘረጉ።

ጉዳዩ የቆጣሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁት ነበር። ነገር ግን "ከተማ" የሚለውን ቃል የት ጀምረን የት እንደምንጨርሰው የሚወስነው ብዙ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ለማን እንደሚደርስ፣ የአንድ ገበሬ መሬት በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር፣ ሰው ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ሳይቀር።

ቃሉ ራሱ ምን ይነግረናል?

በአማርኛ "ከተመ" ማለት ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ከተማም ጥንት የንጉሥ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ መጠሪያ ነበር። "ሰፈር" የሚለው ቃላችንም ያንኑ ታሪክ ይጋራል፤ ዛሬ ጎረቤቶቻችን የሚኖሩበትን አካባቢ እንጠራበታለን እንጂ መነሻው የሠራዊት ማረፊያ ነው። ሁለቱም ቃላት የተወለዱት ከድንኳን ሥር ነው።

በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት በአብዛኛው አንድ ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ሹማምንቱ፣ ካህናቱ፣ ዳኞቹ፣ ነጋዴዎቹ፣ ወጥ ቤቶቹና ጫኞቹ አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። ድንኳኖቹ የትም ቢተከሉ ሥርዓታቸው አንድ ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ፣ ሌላው ሁሉ በማዕረጉ ልክ ዙሪያውን። ትናንት በአንድ ሜዳ ያደረ ሰው ዛሬ በሌላ ሜዳ ቦታውን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

የዚያን ከተማ ካርታ ማየት የፈለገ የቆዩትን ማዕረጎች ያንብብ። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራው ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው። ደጃዝማች ደግሞ የደጁ። አያቶቻችን በስም ተሸክመውት የኖሩት ማዕረግ የአንድ ተንቀሳቃሽ ከተማ አድራሻ ነበር። በዚህ አረዳድ ከተማ ማለት በሥርዓት የተቀመጠ ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ተነሥቶ ሲሄድ ከተማው አብሮት ይሄዳል፤ የሚቀረው ሜዳው ነው።

ታዲያ ከተማው መሬት ላይ የተተከለው መቼ ነው?

አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር በየዘመናቸው በድንጋይ የተሠሩ ቋሚ ማዕከሎች እንደነበሩ አይካድም። ተንቀሳቃሹ ሰፈር ወደ ቋሚ ከተማ ሲለወጥ በቅርብ ማየት የሚቻለው ግን በአዲስ አበባ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወረዱ። ቦታው ኦሮሞዎች ይኖሩበት የነበረ ሲሆን በቋንቋቸው ፊንፊኔ ይሉታል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ሲሉ ሰየሙት። ቤተ መንግሥቱ ከፍታ ላይ ሆነ፤ መኳንንቱም በየጉብታው ቦታ እየተሰጣቸው አጃቢዎቻቸውን፣ ወታደሮቻቸውንና አገልጋዮቻቸውን ዙሪያቸውን አሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ውርስ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር የባለ እጆቹ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሀብታሙ ግቢና የድሃው ጎጆ አጥር ተጋርተው የኖሩበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ጌታው ከነጭፍራው ነው የሰፈረው።

ይህም ከተማ ሊነሣ ተቃርቦ ነበር። ማገዶ አለቀ። ብዙ ሺህ ሰው በየቀኑ የሚያነደውን እንጨት ዙሪያው ያለው ደን ሊችለው አልቻለም፤ እንደ ቀድሞው ልማድ መፍትሔው ድንኳን ነቅሎ መሄድ ነበር። ምኒልክ ወደ ምዕራብ ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ሕንፃው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማውን ከመፍለስ ያዳነው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያድግና ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ በመሆኑ ማገዶው ወደ ሰዉ መጣ፤ ሰዉ ወደ ማገዶ መሄዱ ቀረ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲድ እንደ ድንኳን አይነቀልም። ከዚያ ወዲያ ከተማ ስንል ሕዝቡን ትተን ቦታውን ማሰብ ለመድን፤ አስተሳሰባችን የተገለበጠበት ዘመን ይህ ይመስለኛል።

ቅጥር ያለውስ?

ሐረር ሌላ መልስ አላት። ሐረሪዎች ከተማቸውን "ጌይ" ይሏታል፤ ትርጉሙ ከተማ ማለት ነው። ቋንቋቸው "ጌይ ሲናን"፣ የከተማው ቋንቋ ነው። ራሳቸውን "ጌይ ኡሱእ"፣ የከተማው ሰዎች ብለው ይጠራሉ። ሕዝብ፣ ቋንቋና ቦታ በአንድ ቃል የታሰሩበት እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

ቃሉን የሚያስረው ጀጎል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ሲሆን፣ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መካነ መቃብር አቅፏል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ ከተማ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቦታ በእጅ የሚዳሰስ ነው። በሩን ስታልፍ ገባህ፤ ሲመሽ በሩ ይዘጋ በነበረበት ዘመን ደግሞ ውጭ ያደረ ውጭ ነው።

የጥንቷ ስፓርታ በተቃራኒው በታላቅነቷ ዘመን ቅጥር አልነበራትም፤ ቅጥራችን ወንዶቻችን ናቸው ይሉ ነበር ይባላል። ሮማውያን ሁለቱን ነገሮች በሁለት ቃል ለይተው ይጠሩ ነበር፤ ለግንቡና ለሕንፃው ኡርብስ፣ ለዜጎቹ ማኅበር ኪዊታስ። እኛ አንድ ቃል ብቻ ስላለን ሁለቱን እያምታታን ብዙ ጊዜ ሳንግባባ እንከራከራለን።

ስንት ሰው ሲኖር ነው ከተማ የሚሆነው?

ዛሬ መንግሥታት ከተማን የሚያውቁት በቅጥር አይደለም። የኢትዮጵያ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 እንደሚለው ከተማ ማለት ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመለት፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበት ቦታ ነው። በዴንማርክ ቤቶቹ እስከተቀራረቡ ድረስ 200 ሰው ይበቃል። በጃፓን አንድ ቦታ የከተማነት ማዕረግ ለማግኘት በመርሕ ደረጃ 50,000 ነዋሪ ያስፈልገዋል። ሦስት ሺህ ሰው የሚኖርባት አንዲት የመንገድ ዳር መናኸሪያ እንግዲህ በአንዱ አገር ከተማ፣ በሌላው መንደር ናት። በብሪታንያ ደግሞ የሕዝብ ብዛት ከነጭራሹ አይጠየቅም። ከተማ የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው ዘውዱ ነው፤ በዌልስ የምትገኘው ሴንት ዴቪድስ ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ይዛ ከተማ ስትሆን ብዙ እጥፍ የምትበልጣት ሬዲንግ ማዕረጉ የላትም።

ቻይና ውስጥ ቾንግቺንግ የምትባል ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 32 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሮባታል። ስፋቷ ግን 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚባለው የአዲስ አበባ ስፋት ከ150 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አብዛኛው ተራራና እርሻ ነው። ይህን ከቶኪዮ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ጎተራን ከቁና ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለው አዲሱ መለኪያ የመጣው ይህን ለማስተካከል ነው። አሠራሩን ለመረዳት የተማሪ የሒሳብ ደብተር አስቡ፤ ገጹ በእኩል ካሬዎች የተሸነሸነ ነው። መላው ምድር እንደዚያ ባለ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል። ከሳተላይት ምስልና ከቆጠራ መረጃ ተነሥቶ በየካሬው ስንት ሰው እንደሚኖር ይገመታል። ቢያንስ 1,500 ሰው ያለባቸው ካሬዎች ጎን ለጎን ተያይዘው በድምሩ 50,000 ነዋሪ ከያዙ ያ ከተማ ነው። የክልል ወሰን ቢቆርጠው፣ ሁለት ከንቲባ ቢኖረው ግድ የለም። ጃካርታ አንደኛ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው።

መለኪያው ፍጹም እንዳይመስላችሁ። ከከተማ በታች ለሚመደቡት አካባቢዎች የሚፈለገው በካሬ ኪሎ ሜትር 300 ሰው፣ በድምሩ 5,000 ነዋሪ ብቻ ነው። ወደ ወላይታ ወይም ወደ ጌዴኦ የሄደ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። በእንሰትና በቡና መካከል ቤት ከቤት ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ጥግግቱ ከ300 በብዙ ይበልጣል። ነገር ግን ሰዉ ገበሬ ነው፤ የሚበላው ከጓሮው ነው። ሰማይ ላይ ያለው ዓይን የቤት ጣራ ይቆጥራል እንጂ ከጣራው ሥር ያለው ሰው ማለዳ ዶማ ይዞ እንደሚወጣ አያይም። የእኛ አዋጅ የሥራውን ዓይነት መጠየቁ እዚህ ላይ ትርጉም ይኖረዋል።

አዲስ አበባ የት ታበቃለች?

በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዛሬ የሚነገሩት ቁጥሮች ሁሉ ግምት ናቸው፤ እርስ በርስ የሚራራቁበትም አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ ገማች ከተማዋን የሚያስጨርሳት በተለያየ ቦታ መሆኑ ነው።

በአስተዳደር ካየነው መልሱ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የፌዴራል መንግሥቱ ርዕሰ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የነበሩት ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት ምክር ቤት፣ ሁለት በጀት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቡራዩ ወይም በለገጣፎ መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። የታክሲውና የአውቶቡሱ ሰልፍ ወሰን አያውቅም። ይህን አረዳድ የሚከተሉ ባለሙያዎች ከተማን የሚለኩት በሥራ ጉዞ ነው። በአውሮፓ አንድ አካባቢ ከሠራተኞቹ ቢያንስ 15 በመቶው ወደ ዋናው ከተማ ለሥራ የሚመላለሱ ከሆነ የዚያ ከተማ አካል ሆኖ ይቆጠራል። እንቅልፉን ማዶ ይተኛ እንጂ ኑሮው እዚህ ነው ማለታቸው ነው።

ውሃውን ተከትለን ብንሄድ ከተማዋ ከዚህም ትሰፋለች። የአዲስ አበባ ሰው ከቧንቧ ከሚቀዳው ውሃ ትልቅ ድርሻው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ይመጣል፤ ግድቦቹ ሁሉም ከአስተዳደር ወሰኗ ውጭ ናቸው። ያ ውሃ ምግብ አብስሎ፣ ልብስ አጥቦ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ጨምሮ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በዚያ ወንዝ ዳር አትክልት ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ የአዲስ አበባ ገበያ ላይ ይሸጣል። ከተማን እንደ ሕያው አካል የሚያዩት ሰዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ በየት ይበላል፣ በየት ያስወጣል? በዚህ ዓይን ለገዳዲ ጉሮሮዋ ነው። ጉሮሮን ከአካል ውጭ ነው ማለት ደግሞ ይከብዳል።

ድንበሩ ሲሰፋ ገበሬው ምን ይሆናል?

የገጠር መሬት ለገበሬው በይዞታነት የሚሰጠው ያለ ጊዜ ገደብ ነው። የከተማ ቦታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ ይተዳደራል። ሊዝ ማለት ቦታን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በሁለቱም ወገን አይሸጥም።

አሁን የከተማው ፕላን አንድ የጤፍ ማሳ ላይ አለፈ እንበል። ማሳው አልተንቀሳቀሰም፤ ሕጉ ግን መጣበት። ቦታው ለከተማ ልማት ሲፈለግ ገበሬው ካሳ ይከፈለዋል። ካሳው የሚሰላው በምርቱና በመሬቱ ላይ ባፈራው ንብረት ነው እንጂ ቦታው በሊዝ ጨረታ ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ትናንት በጥማድ ይለካ የነበረው ነገ በካሬ ሜትር ይለካል፤ በጥማድ የለካው ሰው ደግሞ በካሬ ሜትሩ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የለም።

የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በጋራ ለማቀድ የወጣው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከፍተኛ ተቃውሞ የቀሰቀሰው፣ ብዙ ሕይወትም ጠፍቶ በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ለፕላን ባለሙያው ወረቀት ላይ የተሰመረ የመሠረተ ልማት ቅንጅት የነበረው ለገበሬው የማሳው፣ ለብዙዎች ደግሞ የማንነታቸውና የቋንቋቸው ጉዳይ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ከተማ የሚለውን ቃል ሲናገሩ አንድ ነገር ማለታቸው አልነበረም።

ሰፈርተኛውስ ከተማውን በምን ያውቀዋል?

ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ይህ መታወቂያ ላይ የሚጻፈው አድራሻ ነው። ቤቱን ፈልጎ ለሚመጣ እንግዳ ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይናገርም። "ሰባ ደረጃን ወጥተህ"፣ "ከእሪ በከንቱ ዝቅ ብሎ"፣ "ካዛንቺስ የድሮው መናኸሪያ ጋ" ይላል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የቀረ ነው፤ የሰየሙት ሰዎች ከሄዱ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስሙ ግን ከታክሲ ረዳቱ አፍ አልወረደም። ሰው የሚኖርበት ከተማ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ትዝታው ውስጥ ነው።

ይህ አረዳድ በቁጥር ስለማይገለጽ ሪፖርት ላይ አይወጣም። ቢሆንም የራሱ ወሰን አለው። እድርን ውሰዱ። ሰው ሲሞት በማለዳ ጡሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየዞረ ያውጃል። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከእድር ቤት ይወጣል፤ አባላቱ ቀብር ይሄዳሉ፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናሉ። ጡሩምባው እስከሚሰማበት ድረስ ያለው አካባቢ ነው ሰፈሩ። በየትኛውም ፕላን ላይ ያልተሰመረ፣ ነገር ግን እዚያ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ወሰን ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ከመሀል ከተማ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ሰሚት ወስዷል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ፒያሳንና ዶሮ ማነቂያን፣ በዓመቱም ካዛንቺስን አፍርሶ ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ አካባቢ አዛውሯል። ከተማን በመንገዱ፣ በመብራቱና በፍሳሽ መስመሩ ለሚለካ ሰው ይህ ከተማው እየተሠራ ነው ማለት ነው፤ መጸዳጃ ቤት ለአሥር አባወራ ይጋራ የነበረ ሰው ይህን አያቃልለውም፤ እኔም አላቃልለውም። ከተማን በጡሩምባው ለሚለካ ደግሞ አንድ ከተማ ፈርሷል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ከሁለት አንዱን ብቻ የሚሰማ አስተዳደር ግማሹን ከተማ ሳያየው ያቅዳል።

ከተዛወሩት ብዙዎች የቀድሞ እድራቸውን አልተዉም። ወር በገባ ቁጥር ሁለት ታክሲ ለውጠው መዋጮ ለመክፈል ወደ ነበሩበት ይመጣሉ፤ ሰፈሩ ፈርሶ እድሩ ብቻ የቀረበትም አለ። አዲሱ ቦታ ላይ ደግሞ ከአራዳ የመጣው፣ ከልደታ የመጣውና ከክፍለ ሀገር የገባው በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ በሰላምታ ብቻ ይተላለፋሉ። አንድ ቀን በአንዱ ፎቅ ለቅሶ ይሆናል። በሩን የሚያንኳኳ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ቀድሞ ያንኳኳው ስም መመዝገብ ይጀምራል። በጥቂት ወራት ውስጥ መዋጮ ይወሰናል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣል፣ በመጀመሪያው ገንዘብም ሸራና ብረት ይገዛል። ቀጣዩ ለቅሶ ሲመጣ መኪኖቹ ከሕንፃዎቹ መካከል እንዲነሡ ይለመናል፤ በባዶው ቦታ ላይም ድንኳን ይተከላል።